ክቡር ዳኛው ሽንት ሲይዛቸው

ጡረተኛው ዳኛ ልጃቸውን ሊጠይቁ ባሕር በተሻገሩ ማግስት፣ አማችየው ከተማውን ሊያስጎበኛቸው ይዟቸው ወጣ። መንገድ ላይ ሽንታቸው ወጠራቸው። ታዲያ ስንቱን ወንበዴ ያንቀጠቀጠ አንደበት አማች ፊት «ሽንት ቤት» ይበል? ክብር የት ሊገባ!

«አባባ፣ የአደባባዩን ፏፏቴ ይመልከቱልኝ!» አለ አማች።

«ሰማሁት» አሉ እግራቸውን አጣምረው። «እጅ መታጠቢያ ይኖር ይሆን?»

«ምን ችግር አለ!» ብሎ ከፏፏቴው በእፍኙ ቀድቶ እጃቸው ላይ አፈሰሰላቸው።

የውሃው ቅዝቃዜ ክብራቸውን አሸነፈው። «ሽንቴ መጣ!» ሲሉ አደባባዩን አናጉት።

«ተመስገን!» አለ አማች፣ ወደ ሕዝብ መጸዳጃው እየጠቆመ። «እርስዎን አፍሬ ነው እንጂ እኔንም ከጠዋት ጀምሮ ይዞኛል!»

ይህን ብሎ ሮጦ ቀደማቸው። መጸዳጃው ደግሞ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነበር።