ሁለተኛው ዶቃ

“ድገመው፣” አለ ዳይሬክተሩ ቹዲ።

መኝታ ቤቱን የሥራ ክፍሉ ያደረገው ኤዲተር የላፕቶፑን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ አረጋዊው ተዋናይ ፓፓ ኡዴዜ ባለ ቀይ ጨርቁ ወንበር ላይ ሆነው እንደገና ተነፈሱ፤ አፋቸውን ከፈቱና ልጃቸውን ሆኖ ከፊታቸው ለተንበረከከው ተዋናይ ይናገሩ ጀመር። አዙካ ስክሪኑን አላየም። የሚያየው ሰዎቹን ነበር። ሽማግሌው በተነፈሱ ቁጥር የኤዲተሩ ግራ ዓይን ጨፈን ትላለች፣ የቹዲ መንጋጋ ይጠብቃል፣ በሩን ተደግፋ የቆመችው አዳንማ ቅንድቧን ታነሣለች። ቆጠረ። በአርባ ሰከንድ ውስጥ የሦስቱም ፊት አሥራ አንድ ጊዜ እኩል ተኮማተረ። እሱ የሰማው የሽማግሌውን ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ጫፍ ጫፉ ብል እንደበላው ጨርቅ ሆኖበታል።

“ይሰማሃል አይደል፣ ኦጋ አዙካ?” አለ ቹዲ፤ “ኦጋ” የሚለው አለቃዬ ለማለት ነው።

“ይሰማኛል።”

“ታዲያ ምንድን ነው እሱ?”

አሁን ስክሪኑን አየ። የፓፓ አንገት ላይ ሁለት የማዕረግ ዶቃ አለ፤ ቀይ፣ ጣት የሚያካክል። የላይኛው ከልብሱ ጋር በክር ተይዟል። የታችኛው ተንጠልጥሏል። በታችኛው ዶቃና በደረታቸው መካከል፣ ከልብሱ ሥር፣ አዙካ ራሱ በፕላስተር የለጠፈው ትንሹ ማይክ አለ። ደረታቸው ሲነሣ ዶቃው ይነሣል። ሲወርድ ይወርዳል።

“ዶቃው ነው፣” አለ። “ማይኩን እየመታው ነው።”

ማንም አልተጠራጠረም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ አሳባ ውስጥ ፊልም ሲቀረጽ የሰው ጆሮ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። እዚህ ሥራ ላይ ሰው በስሙ ብዙም አይጠራም። ካሜራ፣ መብራት፣ ልብስ፣ ቀለም፣ ጄኔሬተር እየተባለ ነው የሚጠራራው። “ድምፅ!” ሲባል አቤት የሚለው አዙካ ነው።

መስማቱ ከእጁ የወጣው በአንድ ቀን አይደለም። እንደ ልማዱ በትንሿ ደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በተራ መዝግቦታል። መጀመሪያ ትንኝ ጠፋች። የዚያኑ ዝናብ ማብቂያ ፌንጣዎቹ ዝም አሉ። ቀጥሎ የቁልፍ ቅጭልታ፣ የማንቆርቆሪያ ፉጨት፣ ምስማር ሲወድቅ። ዘንድሮ ደግሞ የሰው ንግግር ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ድምፆች መሟሟት ጀመሩ፤ የጎደለውን ከከንፈር ያነባል። ሥራውን የያዘው በሁለት ነገር ነው፦ በመሣሪያው ላይ በሚወጣና በሚወርደው መርፌ፣ በአዳንማም ቅንድብ። ረጅሙን የማይክ ዘንግ የምትይዘው አዳንማ ናት። ጆሮዋ የድመት ነው። የሚረብሽ ነገር ስትሰማ ቅንድቧ ይነሣል፤ እሱም ያን አይቶ “ቁረጥ፣ ድምፅ ገብቷል” ይላል። ሰዉ “የአዙካ ጆሮ” እያለ ሲያደንቅ እሷ ዝም ትላለች። ማወቅ አለማወቋን ጠይቋት አያውቅም።

የፓፓ ኡዴዜ ትዕይንት በተቀረጸበት ቀን ግን አዳንማ አልነበረችም። አጎቷን ልትቀብር ሄዳ ነበር። ቀኑን መግፋት አልተቻለም፤ ሽማግሌው ጉሮሯቸው ላይ ያበጠው ነገር ሊወጣ፣ ድምፃቸውም አብሮ ሊሄድ፣ ኤኑጉ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ተይዟል። የአባትየው ኑዛዜ የመጀመሪያው ቀን ቀረጻ እንዲሆን የተደረገው ለዚህ ነው። ሐኪሙ የፈቀደላቸው የሁለት ሰዓት ሥራ ነበር። አቅም ያጣው ድምፃቸው ከሩቅ ስለማይያዝ አዙካ ማይኩን ደረታቸው ላይ ለጠፈው፤ ማዳመጫውንም ራሱ አጠለቀ።

ኑዛዜውን ተናግረው ሲጨርሱ ፓፓ ኡዴዜ ከወንበሩ ሳይነሡ እጁን ያዙት። “አዙካ፣” አሉት፣ “አደራ።” ሌላ ቃል አላወጡም፤ ድምፃቸውን ይቆጥቡ ነበር።

ቹዲ ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ ሲመለስ ማዳም ንኮሊ አብራው ነበረች። ፊልሙን የምታሠራው እሷ ናት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንድ ጊዜ ብቻ አዳመጠች።

“ልብስን ጥሩልኝ፣” አለች።

ፊደሊያ የስፌት ሜትር አንገቷ ላይ እንደጠመጠመች ገባች። ከአዙካ ጋር አሥራ አምስት ዓመት ሠርታለች። በባሏ ለቅሶ ወንበር የደረደረው እሱ ነው።

“ይሄን የታችኛውን ዶቃ ማን ነው ያንጠለጠለው?”

“እኔ ነኝ፣ ማዳም። በታሪኩ ከዚህ በፊት በሚመጣው ትዕይንት ፓፓ ሁለት ነው የሚያደርጉት። ካልተገጣጠመ ተመልካች ይስቅብናል።”

“አሁን ደግሞ እኔ ነኝ የማለቅሰው። ለምን አልተሰፋም? ማይክ ላይ የሚወርድ ዶቃ እንደሚሰፋ ሕፃን ያውቃል።”

“የላይኛውን ሰፍቼው ነበር። ሁለተኛው ትዝ ያለኝ ማይኩ ከተለጠፈ በኋላ ነው፤ ፓፓም ደክሟቸዋል።” ፊደሊያ ወደ አዙካ ዞረች። ፊቷ ላይ ሥጋት አልነበረም፤ እሱ እንደሚጨርስላት ጠብቃ ነው። “ጠይቄዋለሁ እኮ። ‘አዙካ፣ ይህኛውንም ልስፋው ወይ? አዳምጠው’ አልኩት። አዳመጠና ‘ንጹህ ነው፣ አትንኪያቸው’ አለኝ።”

“እውነት ነው፣ ድምፅ?” አለች ማዳም ንኮሊ።

በደንብ ያስታውሳል። የስፌቱ መርፌ በፊደሊያ ቀኝ እጅ፣ ቀዩ ክር በጥርሶቿ መካከል ነበር። ፓፓን ሦስት ጊዜ ተንፍሱ ብሏቸው፣ የመሣሪያው መርፌ በየትንፋሹ ትንሽ ዘለል ሲል አይቷል። ትንፋሻቸው ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። አዳንማ በሌለችበት ቀን፣ “አልሰማሁምና ስፊው” ማለት ምስጢሩን ማውጣት መሆኑን አውቆ ነበር።

“አላስታውስም፣” አለ።

ፊደሊያ ወደ እሱ ቀረበች።

“አላስታውስም? አንተ? የዛሬ አምስት ዓመት ኦክፓናም ላይ ቀረጻ ያበላሸብንን አውራ ዶሮ ከነላባው ቀለም የምታወራው ሰውዬ?”

ኤዲተሩን ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። አዙካ የምንጣፉን ጠርዝ ያይ ነበር።

“በቃ፣” አለች ማዳም ንኮሊ። “ጓዝሽን ሸክፊ፣ እህቴ ፊደሊያ። የቀረውን ረዳትሽ ትጨርሰዋለች።”

“አዙካ፣” አለች ፊደሊያ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ስሙን የጠራችው። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቷ ፈትታ እየጠቀለለች ወጣች።

አዳንማ አሁንም በሩ ላይ ነበረች። ቅንድቧ አልተነሣም። ፊቷም ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

አዙካ ቹዲን ከጓሮ፣ ከውኃ ታንከሩ ጥላ ሥር አገኘው። ቹዲ ዳይሬክተር ከመሆኑ በፊት የአዙካን ገመድ ይጠቀልል የነበረ ሰው ነው።

“ቹዲ፣ ጆሮዬ ሄዷል።”

“እንዴት ነው የሄደው?”

“ቀጭን ነገር አልሰማም። ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ፊደሊያ ያለችው በሙሉ እውነት ነው።”

ቹዲ ዙሪያውን ቃኘ። የሚሰማ ሰው እንደሌለ ሲያረጋግጥ ጠጋ አለው።

“ኦጋ፣ ይሄን ለኔ አልነገርከኝም።”

“እየነገርኩህ ነው።”

“አልነገርከኝም አልኩህ! ማዳም ይህን ብትሰማ ምን እንደምታደርግ ታውቃለህ? የዘጠኝ ቀን ድምፅ በሙሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። ቀረጻውን ታቆመዋለች። ሃያ ስድስት ሰው በባዶ እጁ ይገባል። አሁን ግን አንድ ዶቃ ነው፤ አንድ ትዕይንት ነው። በአንድ ሰው አለፈ።”

“ያ አንድ ሰው ፊደሊያ ናት።”

“ሌላ ሥራ ታገኛለች።”

“ማዳም ንኮሊ ያባረረቻት? አሳባ ውስጥ?”

ቹዲ በጫማው አፈሩን ጫር ጫር አደረገ።

“የፓፓን ድምፅ ምን ልታደርገው ነው?” አለ አዙካ።

“ሙዚቃ አለብሰዋለሁ። ዋሽንት፣ ትንሽ ከበሮ። ንግግሩን ከሥር በጽሑፍ አወጣዋለሁ። ሕዝቡ ያለቅሳል።”

“ሰውዬው ከእንግዲህ አይናገሩም እኮ።”

“ታዲያ ሕዝቡ የሚያለቅሰው ለምን መሰለህ?” ካለ በኋላ ቹዲ የራሱ ቃል ያስደነገጠው ይመስል ፊቱን በመዳፉ አበሰ። “ና፣ ኦጋ። የዛሬዋን የመጨረሻ ቀረጻ እንጨርስ። ብርሃኑ እያለቀ ነው።”

አዙካ ብቻውን ሲቀር ኪሱ ውስጥ ስልኩ ነዘረ። መልእክቱ ከፓፓ ኡዴዜ ሴት ልጅ ነው።

“እንደምን ዋሉ፣ ኦጋ አዙካ። ፓፓ ከተኙበት ቀና ብለዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የምናወራው በወረቀት ነው። ዛሬ በመጀመሪያ የጻፉት ‘አዙካን ጠይቂልኝ፣ ድምፄ እንዴት ወጣ?’ የሚል ነው። ቤት ውስጥ የድምፃቸው ሌላ ቅጂ የለንም። ያችን ለልጆቹ ቢልኩልን።”

ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። “በጣም ጥሩ ወጥቷል” ብሎ ጻፈ። ሳይልከው ስልኩን ኪሱ ከተተው፤ እየጠሩት ነበር።

የመጨረሻው ትዕይንት ግቢው ውስጥ ነው። በፊልሙ ሚስት የሆነችው ተዋናይ ሻንጣዋን ይዛ ከበረንዳው ትወርዳለች፣ በሩ ድረስ ትሄዳለች፣ አታወራም። የመብራት ሰዎቹ ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ጨርቅ ገተሩ። የቀለሟ ልጅ የተዋናይዋን ግንባር ለመጨረሻ ጊዜ በዱቄት ነካ አድርጋ ሮጠች። ከአጥሩ ጀርባ ያለው ጄኔሬተር ጠፋ፤ አዙካ ይህን ያወቀው ከእግሩ ሥር የነበረው ንዝረት ሲያቆም ነው። አዳንማ ዘንጓን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሣች። እሱ ከመሣሪያው ጀርባ ተቀምጦ ማዳመጫውን አጠለቀ።

“ጸጥታ!” ብሎ የጮኸው የዳይሬክተሩ ረዳት ነው። “ማንም እንዳይነቃነቅ!”

ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ባለበት ደረቀ። ወጥ ቤት ሩዝ የምታወጣው ሴት ጭልፋዋን አየር ላይ አቆመች። በረኛው እጁን ዘርግቶ አንድ ሰው አገደ። አዙካ ወደዚያ ተመለከተ። ፊደሊያ ነበረች። የልብሶቿን ጥቅል በራሷ ተሸክማ፣ በአንድ እጇ ካውያዋን፣ በሌላው የመርፌ ሳጥኗን እንደያዘች በሩ ሥር ቆማለች። የጠራችው ባለ ሦስት እግር ታክሲ ውጭ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃታል። ተባርራም ጸጥታ ሲባል ቆመች። ጥቅሉ ወደ ግራ ዘንበል ብሎባታል፤ ማቃናቱ ድምፅ ያወጣ ይሆናል ብላ አልነካችውም። አንገቷ ይንቀጠቀጣል።

“ካሜራ?”

“ይዟል!”

“ድምፅ?”

ሃያ ሦስት ዓመት የመለሰው ቃል “ይዟል” የሚል ነው። አፉን ከፈተ። የመሣሪያው መርፌ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ሁሉም የእሱን አፍ ይጠብቃል። ፊደሊያም ትጠብቃለች።

“ድምፅ?” አለ ረዳቱ እንደገና።

አዙካ ተነሣ። ማዳመጫውን አውልቆ አዳንማ ራስ ላይ አጠለቀላት፤ ሁለት እጇ ዘንጉ ላይ ስለነበር ልትከለክለው አልቻለችም።

“ፊደሊያ ጠይቃኛለች፣” አለ ጮክ ብሎ። ምን ያህል ጮክ እንዳለ አላወቀም። “ንጹህ ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ዶቃው ሲመታ አልሰማሁም። ዛሬ ቅጂው ሲከፈትም አልሰማሁም። ፊታችሁን አይቼ ነው የተናገርኩት።”

ቹዲ ዓይኑን ጨፈነ። ጥላ ሥር የተቀመጠችው ማዳም ንኮሊ ከወንበሯ አልተነሣችም፤ አዙካ ከንፈሯን አየ።

“ስለዚህ ዛሬ ያባረርኩት ሁለት ሰው ነው። ቀረጻው ይቀጥል።”

“ማዳም፣ እሷ ግን ጥፋት የለ…”

“ቀረጻው ይቀጥል አልኩ! ፀሐይዋን ልታቆማት ነው?”

ወደ በሩ ዞረ። ፊደሊያ ጥቅሏን አቃንታለች። የምትለውን ከሩቅ አነበበው፤ “አሁን ነው ትዝ ያለህ?” በረኛው መንገዱን ለቀቀላት። ካውያዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ባለ ሦስት እግሩ ውስጥ ተቀመጠች። ዞራ አላየችም።

ረዳቱ እንደገና ጸጥታ አለ። የአዳንማ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ “ይዟል” ማለቷ ነው። ሚስቲቱ ሻንጣዋን ይዛ ከበረንዳው ወረደች።

አዙካ ከካሜራው ዓይን ውጪ፣ የአጥሩ ግንብ ሥር ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ። “በጣም ጥሩ ወጥቷል” የሚለው እንደተጻፈ ይጠብቀዋል። ከኋላ ጀምሮ ፊደል በፊደል አጠፋው።

“ፓፓ፣ አልወጣም፣” ብሎ ጻፈ። “ዶቃው ማይኩን እየመታ አበላሽቶታል። መስማት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ጆሮዬ ግን አይሰማም፤ ደብቄያችሁ ነው። ቅጂውን እንዳለ እልክላችኋለሁ።”

ላከው። ከዚያ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ መልስ ሲመጣ የስክሪኑ ብርሃን እንዳያመልጠው፣ በእጁ ከፀሐዩ ከለለው።