የባባካር ስም ያለበት ከረጢት

ኩኒሞቶ ኦሳካ ተወልዶ ኦሳካ ሸበተ፤ ጃፓናዊ ግን አልሆነም። አያቱ ከኮሪያ የመጡ ናቸው፤ ዜግነት ደግሞ እዚያ አገር በዘር እንጂ በትውልድ ቦታ አይገኝም። የቤተሰቡ ስም ፓክ ነው፤ ኩኒሞቶ የሚለው ለጎረቤት ጆሮ የተለጠፈ ነው። በጉብዝናው ዘመን ኳስ እያነጠረ ሰው በማለፍ የሚስተካከለው አልነበረም። ለብሔራዊው የቅርጫት ኳስ ቡድን ተመርጦ ማሊያ ከተለካ በኋላ «የጃፓን ፓስፖርትህስ?» አሉት። የለውም። ማሊያውን አስወልቀው ሸኙት።

አሁን ከሱ በላይ ባለው ፎቅ ባባካር የሚባል፣ በር ሁሉ የሚያጎነብሰው ሴኔጋላዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ይኖራል። መኸር ላይ ውድድር አለና ዜግነቱ እየተጣደፈለት ነው። አንድ የምክር ቤት አባል እንኳ ትከሻው ላይ መድረስ ቢያቅተው ወገቡን አቅፎ ፎቶ ተነሥቷል። አገር ስትፈልግህ ደጇ ሰፊ ነው፤ ካልፈለገችህ የተወለድክበት ጓዳም ይጠብብሃል።

የባባካር ክለብ ሥራ አስኪያጅ ቱኩዳ ሐብሐብ ታቅፎ መጣ።

«አባባ፣ ነገ ጠዋት ከፍትሕ ቢሮ ሰው ይመጣል፤ ጎረቤት ይጠይቃል። አንድ ጥሩ ቃል ብቻ ይበሉልን። ልጁ እኮ የኛ ሰው ሊሆን ነው።»

«እኔስ የማን ነኝ?»

ቱኩዳ ሳቀ። «እርስዎማ ድሮም የኛው ነዎት! ወረቀት ምን ያደርግልዎታል?»

«ሐብሐብህን ውሰድ፤ ጥርስ የለኝም» አለው። ጥርስ ግን ነበረው።

በዚያ ሰፈር የቆሻሻ ከረጢት ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፋል። የሚቃጠለውን ከማይቃጠለው ሳይለይ የጣለ ሰው ከረጢቱ ላይ ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት ደጅ ይቀራል፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ማንም አይመሰክርም። የቆሻሻ መጣያውን ጎረቤት በየተራ ይጠብቃል፤ የዚያ ሳምንት ተራ የኩኒሞቶ ነበር።

ጠዋት ማንም ሳይወጣ የባባካርን ከረጢት ፈታና ከወረቀቱና ከምግብ ትርፉ መሐል ከራሱ ምድጃ የነቀለውን፣ ግማሽ ጋዝ የቀረበትን ቆርቆሮ ሸጎጠበት። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የፍትሕ ቢሮው ሹም ሲመጣ ከረጢቱን እፊቱ ይፈታል፣ ቀዩን ወረቀት ይለጥፋል፣ ምንም መናገር አያስፈልገውም።

ሹሙ መጣ። መነጽሩን እየጠረገ ከመንገዱ ማዶ ጠራው፤ እጅ ነሣ፤ እንደገና ነሣ። ኩኒሞቶም እጅ ይነሣል። ያ ሁሉ እጅ መንሣት ሳያልቅ የቆሻሻ መኪናው ቀድሞ ደረሰ።

«አጎቴ!» ባባካር ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። «ዛሬም ፊትዎ በጨው እንደተዘፈዘፈ የፕለም ፍሬ ኮምጥጧል! ወገብዎ ይረፍ፣ እኔ እጭናለሁ!» እንደ ልማዱ ከመኪናው ሠራተኞች ጋር ከረጢቶቹን መወርወር ጀመረ።

«ስለሱ ምን ይላሉ?» አለ ሹሙ።

ኩኒሞቶ አልሰማውም። ባለፈው ዓመት ከወንዙ ማዶ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ በቆሻሻ መኪና መጭመቂያ መንጋጋ ተጨፍልቆ ሲፈነዳ የአንድ ሠራተኛ ፊት አቃጥሏል። ባባካር የራሱን ከረጢት ወረወረ። መንጋጋው እያቃሰተ መውረድ ጀመረ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ያያል።

ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም።

«ራቅ! ልጄ፣ ራቅ! ጋዝ አለበት!»

ሠራተኛው ማቆሚያውን ተጫነ። ከረጢቱ ተቀደደ፤ ቆርቆሮው አስፋልቱ ላይ ወድቆ እየተንከባለለ ሹሙ ጫማ ሥር ቆመ። ባባካር ቆርቆሮውን አየ፤ ከዚያ ኩኒሞቶን አየ። ፈገግታው ገና ከፊቱ አልጠፋም ነበር።

ሹሙ መነጽሩን አደረገ። ድምፁ ለስላሳ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ እንዴት አወቁ?»

እንደሱ እዚሁ ለተወለዱ የኮሪያ ልጆች የውጭ ዜጋ መታወቂያ ይዞ መዞር ግዴታ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። የኩኒሞቶ እጅ ግን ማንም ሳያዘው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ።