ሶፋው ሥር የተቀመጠው እንግዳ

«የዛሬው እንግዳ እኔ ነኝ እልሃለሁ!» አለ ሶፋ ሠሪው ከረባቱን እያቃና።

«ጋሼ፣ እዚህ ዝርዝር ላይ ያሉት በጥገና ነው» አለው የቴሌቪዥን ጣቢያው ጥበቃ። «ዕቃ አልያዙም እንዴ?»

አልያዘም። ትናንት ተደውሎ «ለነገው ፕሮግራም ይፈለጋሉ» ሲባል፣ ለምን ብሎ መጠየቅ ትዝም አላለውም። ያንን የዝነኞች ጨዋታ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት ሳያመልጠው አይቷል። ለሰፈርተኛው የዝነኞች ወዳጅ ይመስላል። እሱ የሚያየው ግን ሶፋውን ነው፤ በገዛ እጁ የሠራው ነዋ! ወፍራም ተዋናይ ሲመጣ «ቀስ በል ወንድሜ!» ይላል፤ ሯጭ ስትመጣ «እሰይ፣ እንዲህ ነው አቀማመጥ» ይላል። ማን ምን አለ ብትሉት ግን ወፍ የለም።

እና ዛሬ ተራዬ ደረሰ ብሎ፣ ሚስቱንም አማቱንም ጎረቤቱንም ቴሌቪዥን ፊት ደርድሮ ነው የመጣው።

ስቱዲዮ ሲገባ የፕሮግራሙ አዘጋጅ ፒንሳ አቀበለችው። «የሶፋው ሞላ ተነቅሎ እንግዳ ሊወጋብን ነው። ቶሎ በሉ፣ ቀጥታ ስርጭት ነው!»

ከነሙሉ ልብሱ ሶፋው ሥር ገባ። ሞላውን ወደ ታች ስቦ ማሰሪያ ሲፈልግ ሙዚቃው ጀመረ፣ መብራቱ ቦግ አለ፣ አንዲት ዘፋኝ መጥታ ዘፍ አለችበት። ሶፋው ዙሪያውን እስከ መሬት የሚወርድ ጨርቅ አለው፤ ያኔ ለውበት ብሎ ያወረደው ራሱ ነው። ማን ይየው? ሞላውን ቢለቅ ደግሞ ሥራው በሕዝብ ፊት ሊዋረድ ነው። ጥርሱን ነክሶ ያዘ። አንድ ሰዓት ሙሉ!

«እዚህ ለመድረስ ማን ደገፈሽ?» አላት አቅራቢው።

«ማንም!» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ሞላው መዳፉን ሲበላው «ኧረ እግዜርን ፍሪ፣ እህቴ» አለ ሶፋ ሠሪው በሆዱ።

አቧራ የጠጣ ኮቱን ለብሶ ቤት ሲገባ ሁሉም እንደተደረደሩ ናቸው።

«ታየሁ?» አላት ሚስቱን፣ በቀጭን ድምፅ።

«አንተስ አልታየህም» አለች ሚስቱ ቴሌቪዥኑን እያጠፋች። «ሶፋው ግን ሁለቴ ሲያስነጥስ፣ አቅራቢው ‹ይማርህ› ብሎታል።»