ሰማያዊው ጉብታ

"ቆይ፣ ደግሜ ልለካው" አለች ለኪዋ። ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ግራጫው ሸራ መሃል ቆማለች። የብርሃን መለኪያውን አፍ ወደ ሸራው አዘቅዝቃ ትንፋሿን ያዘች። ደረቷ ላይ በተንጠለጠለው ስክሪን መስመሩ ቀስ እያለ ተሳለ፤ ሰማያዊው ቀለም ጋ ሲደርስ እንደ ቅድሙ ሽቅብ ተነፋ። ግራጫ ነገር ሲለካ መስመሩ ዝርግ መሆን ነበረበት። ይኼኛው ግን ጉብታ አውጥቷል።

"ስልሳ አራት ደቂቃ" አለ ደመና ከሸራው ዳር።

"ሰምቻለሁ።"

"አሁን ስልሳ ሦስት ሊሆን ነው።"

"ዝም ብትል እዚያው ይቆም ነበር።"

ደመና የሥራ ባልደረባዋ ነው። ስሙ የወጣለት ሥራ በጀመረበት ዓመት እሱ ሜዳ በወጣ ቁጥር ሰማዩ ይጠቁር ስለነበር ነው። ዛሬ ሰማዩ ላይ አንዲት ጭረት እንኳ የለችም፤ እሱም ይህን ከጠዋት ጀምሮ ሳይታክት ሲያስታውሳት ቆይቷል።

አውሮፕላን ማረፍ ባቆመበት አሮጌ ማኮብኮቢያ ላይ ሦስት ሸራዎች ተዘርግተዋል፤ ነጭ፣ ግራጫና ጥቁር፣ እያንዳንዳቸው ሃያ እርምጃ በሃያ እርምጃ። ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው። ሳተላይቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከላይ ሲያልፍ ሸራዎቹን ፎቶ ያነሳል፤ እሷ በዚያው ሰዓት ከታች ብሩህነታቸውን ትለካለች። የሁለቱ ቁጥር ከተስማማ ካርታ የሚሠራውም፣ ማሳ የሚቆጥረውም፣ ጎርፍ የት እንደሚደርስ የሚያሰላውም ሳተላይቱን አምኖ ይሠራል። ካልተስማማ ከሁለት አንዳቸው ዋሽተዋል ማለት ነው።

ባለፉት ሦስት ዙሮች የዋሸው ሳተላይቱ ነበር። ቢያንስ እሷ እንደዚያ ብላ ፈርማለች። ግራጫ ነገር ሲያይ ሰማያዊውን ያጋንናል የሚል ስምንት ገጽ ጽፋ፣ ለምን እንደሚያጋንን የራሷን መላምት ጨምራ ለሳተላይቱ ባለቤቶች ልካለች። እነሱም ከብዙ ክርክር በኋላ እጅ ሰጡ። ዛሬ አራተኛው ዙር ነው፤ ከዚህ በኋላ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ የሳተላይቱን ማስተካከያ ቁጥር እሷ ባለችው ይቀይራሉ። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ከየአገሩ ለኪዎች በሚሰበሰቡበት ጉባኤ ላይ ግኝቷን እንድታቀርብ ተጠርታለች። እናቷ ወሬውን ለጎረቤት ሁሉ፣ ለዳቦ ሻጩ ሳይቀር፣ "ልጄ ሳተላይት አረመች" እያለች አዳርሳዋለች።

እናትየው ያልወደደችው ልብሱን ብቻ ነው። በሳተላይት ቀን ለኪ ከእግር እስከ ራሱ ጥቁር ይለብሳል፤ ከልብሱ የሚንጸባረቅ ብርሃን ልኬቱን እንዳያበላሽበት። ዛሬም ጠዋት በር ላይ አስቁማት ነበር።

"ደግሞ ማንን ልትቀብሪ ነው?"

"ሳተላይት።"

"በየወሩ የሚቀበር ምን ዓይነት ሬሳ ነው? ሰው እኮ ያያል፣ ልጄ።"

ለኪዋ መጀመሪያ የጠረጠረችው መሣሪያውን ነው። አራት ወር ሙሉ ለጥገና ሄዶ የተመለሰው ከትናንት በስቲያ ነው፤ መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ሊሆን ይችላል። ወደ መሞከሪያው ነጭ ሰሌዳ ሄዳ ለካች፤ ልክ ነው። ሮጣ ጥቁሩን ሸራ ለካች፤ ዝርግ። ነጩን ለካች፤ ዝርግ። ግራጫው ላይ ተመለሰች፤ ጉብታው እዚያው ነው። ልቧ ድው ድው ይል ጀመር። የማታውቀው ነገር ሲገጥማት እንደ ሕፃን ነው የሚያደርጋት፤ ደስታም ፍርሃትም አንድ ላይ ይመጡባታል።

በጉልበቷ ተንበረከከችና አፍንጫዋን ሸራው ላይ ደፋች።

"ምን ሆንሽ?" አለ ደመና።

"ናና አሽትት።"

"ምኑን?"

"ሸራውን፣ ጫማህን አውልቅ።"

ደመና መጥቶ ጎንበስ አለ። አሸተተ፣ ቀና አለ፣ እንደገና አሸተተ። "የታጠበ አንሶላ" አለ በመጨረሻ።

የሜዳውን ጥበቃ ጠሯቸው። አዛውንቱ ከበሩ ጎጆ ወጥተው፣ ማንም ሳይነግራቸው ጫማቸውን ሸራው ዳር አውልቀው ጥንድ አድርገው አስቀመጡ።

"አባባ፣ ይኼን ሸራ ውሃ ነክቶታል?" አለቻቸው።

"ውሃ ብቻ?" አሉ ቅር ብሏቸው። "በሳሙና ነው እንጂ። እናንተ ልትመጡ ስትሉ በዋዜማው ከዳር እስከ ዳር አጥበዋለሁ። የወፍ ኩስ ሞልቶት! ከሰማይ የሚታይ ነገር እንዲያ ሆኖ ሲታይ ነውር አይደለም?"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ዝናቡ ካቆመ ወዲህ ነው፤ አራት ወር አይሞላም።"

"ነጩንና ጥቁሩንስ?"

"ነጩ ላይ ኩሱ አይታይም። ጥቁሩን ቀለሙ ይለቅብኛል ብዬ ፈራሁ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ምስጢር እንደሚያካፍል ሰው፣ "ሳሙናውም ዝም ብሎ ሳሙና እንዳይመስልሽ፤ ነጭ የሚያነጣው ዱቄት ነው፣ ከቤቴ ነው የማመጣው" አሉ።

ነጭ የሚያነጣ ሳሙና ውስጥ የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ የሚመልስ ነገር አለ፤ ሸሚዝ ከታጠበ በኋላ የበለጠ ነጭ የሚመስለው በዚያ ነው። ግራጫው ሸራ ለአራት ወር ያህል ሰማያዊ ሲያበራ ኖሯል። ሳተላይቱ ያየው ያለውን ነው። እሷ ግን መለኪያው ስላልነበረ፣ በሦስቱም ዙሮች የሸራዎቹን ብሩህነት የወሰደችው ሲገዙ ከመጣው የፋብሪካ የምስክር ወረቀት ላይ ነው። ሸራ ያው ሸራ ነው፣ ምን ይሆናል ብላ።

ደመናም ገብቶታል። ፊቷን አይቶ፣ "ስምንት ገጽ" አለ ቀስ ብሎ።

"ዝም በል።"

"ስለ ሳሙና።"

ሳቅ አመለጣት። ያልጠበቀችው፣ እንባ የቀላቀለ ሳቅ ነበር። ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሳች። "ገና አላወቅንም። መጋዘን ውስጥ ከዚህ ሸራ የተረፈ ቁራጭ አለ፣ ታጥቦ የማያውቅ። አምጣው። አባባ፣ እርስዎ ባልዲና ያንን ሳሙና።"

"አርባ ዘጠኝ ደቂቃ ነው የቀረን" አለ ደመና።

"ታዲያ ምን አስቆመህ? ሩጥ።"

ቁራጩ መጣ። የጠረጴዛ ልብስ ያህል ነው። ለካችው፤ መስመሩ እንደ ገበታ ዝርግ ሆነ። ከዚያ ለማጠብ እጇን ስትሰድ አዛውንቱ ባልዲውን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

"እንዲያ አይታሽም። በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚታሸው፣ አለዚያ ይዥጎረጎራል።"

አሹት፣ አለቀለቁት፣ ጨመቁት። እርጥብ ጨርቅ ጠቁሮ ስለሚለካ ግን መድረቅ አለበት፤ ለማስጣት ደግሞ ጊዜ የለም። ለኪዋ አንዱን ጫፍ ያዘች፣ ደመና ሌላውን ያዘ፣ ሁለቱ ጥቁር ለባሾች ጨርቁን እንደ ባንዲራ ወጥረው በማኮብኮቢያው ላይ እየሮጡ ወረዱ። ዞረው ተመለሱ። እንደገና ወረዱ። አዛውንቱ ዳር ላይ ቆመው "ከፍ አድርጉት፣ መሬት እንዳይነካ" እያሉ ያዛሉ። በአራተኛው ምልልስ ደመና ወገቡን ይዞ ቆመ።

"ለዚህ ነው እንዴ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት?"

"ደርቋል?"

"እኔ ደርቄያለሁ። እሱም የደረቀ ይመስላል።"

መሬት ላይ አነጠፈችው። መለኪያውን አዘቀዘቀች፣ ትንፋሿን ያዘች። መስመሩ ዝርግ ሆኖ መጣ፣ መጣ፣ ሰማያዊው ጋ ሲደርስ ተነፋ። ያው ጉብታ፣ በዚያው ቦታ።

እልል ማለት ቀራት። ደመናን አንገቱን አንቃ ሳመችው፤ አዛውንቱን እጃቸውን ይዛ አወዛወዘች፤ እሳቸውም ምን እንደተገኘ ባያውቁም አብረው ሳቁ። ነገርን ከሥሩ ማግኘት እንዲህ ነው፤ ለዚህ ደስታ ስትል ነው ይህን ሥራ የያዘችው። የተደሰተችው የገዛ ግኝቷ በመፍረሱ እንደሆነ የገባት ትንፋሿ ከተመለሰ በኋላ ነው።

"አሥራ ሦስት ደቂቃ" አለ ደመና።

ወደ ሸራዎቹ ተመለሰች። ግራጫው ላይ ሃያ ቦታ ለካች፤ ሃያውም ጉብታቸው ሳይቀር አንድ ዓይነት ሆኑ። እንዲህ ወጥ አድርጎ ያጠበ ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደመና "አሁን" አለ፤ ሦስቱም ቀና ብለው ባዶውን ሰማይ አዩ። ምንም አልታየም፣ ድምፅም አልተሰማም። አዛውንቱ ግን ቆባቸውን አስተካከሉ።

አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ የሳተላይቱ መሐንዲስ ደወለ። ሦስቱም የጥበቃው ጎጆ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"ምስሉ ደርሶ ካንቺ ቁጥር ጋር አመሳከርኩት" አለ መሐንዲሱ። "ነጩም ጥቁሩም ገጥሟል። የግራጫውም ልዩነት ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ ልዩነት የት ገባ?"

ልቧ ዘለለ። ሰማይ ያለው ዓይንና መሬት ያለው ዓይን አንድ ነገር አይተው አንድ ቃል ሲናገሩ መስማት የለኪ ሠርግ ነው።

"ሳተላይትህ አልዋሸም" አለችው። "ቁጥሩን እንዳትነካው። ከስድስት ሰዓት በፊት በጽሑፍ ይደርስሃል።"

ለአለቃዋም ደወለችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ጉባኤውስ?" አሉ አለቃዋ።

"የማቀርበው የለኝም፣ ጌታዬ።"

"እንደዚያ አትበይ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ጥበቃው አጥበው አበላሹት ብለሽ ላኪው። ሰውየውን እናሰናብትና ነገሩ ይዘጋል፤ ያንቺ ስም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፣ ጥሪውም ሊተርፍ ይችላል።"

"እሺ፣ አስብበታለሁ" ብላ ዘጋችው። ጥሪውን ትፈልገዋለች፤ እንዴት አድርጋ ነው የምትፈልገው! የእናቷ ፊት፣ ዳቦ ሻጩ፣ ስሟ የተጻፈበት መርሐ ግብር በዓይኗ ዞሩባት።

አዛውንቱ ባልዲያቸውን እያጠቡ ነበር። "ለሚመጣው ጊዜ ልጠበው ወይስ ልተወው?" አሏት። አንጀቷን በሉት።

"ይተዉት፣ አባባ። ኩሱንም ቢሆን እንዳለ እለካዋለሁ።"

ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ የስህተት ማስታወቂያ ቅጹን ከፈተች። የሦስቱን ዙሮች ዘገባ ቁጥሮች ጻፈች። ይሰረዙ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ከዚያ "ምክንያት" የሚል አንድ መስመር መጣ። ደመና በትከሻዋ በኩል አጮልቆ አየ።

"ሸራው ያለ ፈቃድ በመታጠቡ" አለ በሹክሹክታ። "ውሸት አይደለም እኮ።"

"አይደለም" አለች።

አዛውንቱ ባልዲውን ግድግዳው ሥር ደፍተው ወደ በራቸው ሲሄዱ በዓይኗ ተከተለቻቸው። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀራል። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ጻፈች፦

ያልለካሁትን ፈረምኩ።

ከሥሩም ስሟን እስከ አያቷ ጽፋ ላከችው።