ፊቷ የተፋቀ ሴት

ጡረታ የወጣው የታሪክ መምህር ዓብዱልመጂድ፣ የጥንቷ አሜሪካ ፖለቲከኞች ለቅስቀሳና ለፌዝ ያስመቷቸውን፣ ሳንቲም የሚመስሉ የመዳብ ምልክቶች ይሰበስባል። ከሚሴ ላይ ይህን የሚረዳለት ስለሌለ ለራሱ ይተረጉማል፤ ካዝና ተሸክሞ የሚሳበው ኤሊ ግምጃ ቤቱን የማያፈጥን መንግሥት ነው፤ አህያው የቀድሞውን መሪ ዱካ የሚከተል ሹም ነው።

በሰንበቴ ገበያ አንድ የአፋር ነጋዴ ከአሮጌ ጠገራ ብሮች መካከል ሌላ መዳብ አወጣለት። እጆቿ በሰንሰለት የታሰሩ ሴት ተንበርክካበታለች፤ በዙሪያዋም «ሴት አይደለሁምን? እህትስ አይደለሁምን?» የሚል ተጽፏል።

ሚስቱ መሪየም ስታየው ደነገጠች። «አንተ ሰው! ሰላት በሚሰገድበት ክፍል ፊት ያለው ሥዕል? መላእክቱን ልታባርር ነው?»

ዓብዱልመጂድ ቀደም ሲል የኤሊውንና የአህያውን ራስ እንዳጠፋ ሁሉ፣ የሴቲቱንም ፊት በሞረድ ፋቀ። ሰንሰለቱን ግን አልነካውም።

በማግስቱ ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሰላት ሲነሣ፣ በመስገጃው ቁርበት ላይ ሁለት የጉልበት ስርጉዶች አየ። ሰጋጅ ወደሚዞርበት ወደ ቂብላ ሳይሆን ወደ እርሱ የዞሩ ነበሩ። በመዳፉ ደለደላቸው፤ በግንባሩ ከተደፋበት ሱጁድ ቀና ሲል ተመልሰው ሰርጉደዋል።

በጁምዓ ዕለት ሸህ ካሚል ከሽማግሌዎች ጋር መጡ፤ የዓብዱልመጂድን ልጅ አፍናንን በጨፋ ሮቢት ለሚኖረው ለኢልያስ ሊጠይቁ ነው። አፍናን ኢልያስን ወድዳዋለች። የኢልያስ ቅድመ አያት ዓፊያ ግን በዓብዱልመጂድ አያት ቤት በገንዘብ የተገዛች ባሪያ ነበረች።

«አካም ጅርቱ!» ብለው በኦሮምኛ ደኅንነታቸውን ጠይቀው ተቀመጡና ሸህ ካሚል መዳቡን አነሡ። «ይህችስ ማን ናት?»

«ባሪያ ናት፣ ሸህ ካሚል። እህታችን ናት ያሉ ሰዎች ነፃ ትውጣ ብለው ያስመቷት።»

«ማሻ አላህ! የአሜሪካኗ እህት ከሆነች፣ የዓፊያ ልጅማ የቤትህ ልጅ ነዋ!»

«እሱ ሌላ ነው። ዘር አለ።»

ሸህ ካሚል መዳቡን ወደ ብርሃን አዞሩት። «ፊቷንስ ምን በላው?»

«እኔ ነኝ የፋቅሁት።»

«ኤዲያ! እንነሣ ወገኖች፤ መልሱን ሰጥቶናል።»

ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው የዐስር ሰላት ወደ ክፍሉ ሲገባ፣ አፍናን በቁርበቱ ላይ በእነዚያ ስርጉዶች ተንበርክካ ጠበቀችው። አንገቷን ደፍታ፣ ሁለት እጆቿን አጣምራ ወደ እርሱ ዘርግታለች።

«አባዬ፣ ልጅህ አይደለሁም?»

ራሷን ቀስ ብላ ልታነሣ ስትል ዓብዱልመጂድ፣ ፊቷ ተፍቆ እንዳያይ ፈርቶ፣ ዓይኖቹን በመዳፎቹ ሸፈነ።

«ቀና አትበይ!» ብሎ ጮኸ። «በአላህ ይዤሻለሁ፣ ቀና አትበይ!»