ማን ቀድሞ ይግባ

መቅደላዊት ልጄ ናት፤ አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። የፈታኋት እናቷ ትርፌ ቤቷን ሸጣ ወደ ቴክሳስ ልትዛወር ነው። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትሂድ ወይስ እዚህ አውሮራ ከእኔ ጋር ትቅር የሚለውን፣ ፍርድ ቤቱ የመደበው ሰው ሰኞ ሊጠይቃት ቀጠሮ ይዟል። ስለዚህ የቀረችኝ ይቺ አንዲት ቅዳሜ ነበረች። ቅዳሜዋን ደግሞ ልጄ የምትፈልገው ኤርሶፍት መጫወት ነው።

ኤርሶፍት ማለት ጤነኛ የሚመስሉ ሰዎች የወታደር ልብስ ለብሰው በፕላስቲክ ጥይት የሚታኮሱበት ጨዋታ ነው። የተመታ ሰው “ሂት” ብሎ እጁን ያነሳና ይወጣል። ሦስት ቅዳሜ አብሬያት ሄጃለሁ፤ ሦስቱንም ከበርሜል ኋላ ተሸጉጬ አሳልፌያለሁ። እሷ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ሌላ ሰው ናት። ቤት ውስጥ ድምጿ የማይሰማው ልጅ ፂማም ፈረንጆችን ታዛለች።

የዚያን ዕለት መኪናዬን ፓርክ ሳደርግ ማስኳን እያጠበቀች “ዳድ፣ ቱዴይ ኖ ሃይዲንግ” አለችኝ። “በመጨረሻው ራውንድ ቀድመህ የምትገባው አንተ ነህ። አታስብ፣ አትጠብቅ፣ ጀስት ፑሽ። እኔ ከኋላ ከቨር አደርግሃለሁ።”

“እሺ፣ የኔ እመቤት” አልኳት። ከልቤ ነበር። ዛሬ ደፍሬ ካልገባሁ ሰኞ ይህቺ ልጅ ስሜን አትጠራም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ሰው ሲጨንቀው እንዲህ ባለ የሞኝ ነገር ላይ ተስፋውን ይጥላል።

ስህተቴ ጋሽ ወርቁን መጥራቴ ነው። ጋሽ ወርቁ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ ፓርክ ሂል የሚባል ሰፈር ከሴት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። በዚያ ሁሉ ጎረምሳ መሃል ብቻዬን ሽማግሌ እንዳልሆን ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም “ብሔራዊ ውትድርና ዘምቼ የለም እንዴ” ብለው መጡ።

በመጨረሻው ዙር ማሸነፊያው ከኮምፔንሳቶ የተሠራው ቤት ውስጥ ገብቶ ባንዲራውን ማንሳት ነበር። መቅደላዊት “ጎ” አለች። ሮጥኩ። በአርባ ስምንት ዓመቴ፣ ጉልበቴ እየተንቋቋ፣ ሁለት ሰው መትቼ በሩ ድረስ ደረስኩ። ልጄ ከኋላዬ፣ ምንም መከለያ በሌለበት ሜዳ ላይ ተንበርክካ መስኮቶቹ ላይ ትተኩስልኛለች። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም ይባላል፤ ለእኔ ደግሞ መግቢያው ወለል ብሎ ተከፍቷል። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ደፋር ሆኜ አላውቅም።

ይኼኔ ጋሽ ወርቁ እያለከለኩ አጠገቤ ደረሱ።

እግሬ ቆመ። እጄ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ማንም ሳያዘው አፌ “ጋሼ፣ ይቅደሙ” አለ።

“ኧረ በጭራሽ፣ አንተ ቅደም።”

“በሞቴ፣ ጋሼ፤ እርስዎ እያሉማ አይሆንም።”

“እኔ ልሙት ግባ፣ ፍቅረሥላሴ።”

እንዲህ ስንባባል ከመስኮቱ አንዱ ጎረምሳ ብቅ ብሎ ሜዳ ላይ የተንበረከከችውን ልጄን አንገቷ ላይ መታት። “ሂት” ብላ እጇን አነሳች። ቀጥሎ ጋሽ ወርቁ ተመቱ፣ ቀጥሎ እኔ። የበሩን ደፍ አንዳችንም አላለፍንም።

ጋሽ ወርቁ በመኪናቸው ሄዱ። እኔ መቅደላዊትን ወደ እናቷ ቤት፣ ወደ ግሪን ቫሊ ራንች ይዣት ነዳሁ። የቀላ አንገቷን እያሻሸች በመስኮት ታያለች። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም አይነቅዝም ተብዬ ያደግኩ ሰው ነኝ። ብዙ ከነዳሁ በኋላ ግን አላስችል አለኝ።

“ሶሪ” አልኳት። “ሽማግሌ ጥሎ መግባት ነውር ነው። ይገባሻል አይደል?”

“አይ ኖው፣ ዳድ። ግን ሁሌም እንደዚህ ነህ። ማሚ ልንሄድ ነው ስትልህ ‘እንዳላችሁ’ አልካት። ረቡዕ ‘ልቅር ወይ?’ ብዬ ቴክስት ሳደርግልህ ‘የሚሻልሽን አንቺ ታውቂያለሽ’ አልከኝ። አንድ ቀን እንኳን ፋይት አላደረግክልኝም።”

ያንን መልስ ስጽፍላት ያከበርኳት መስሎኝ ነበር። ልጄን አላስጨንቃትም፣ እናቷም አይክፋት፣ እሷው ትምረጥ ብዬ ጻፍኩና ስልኩን አስቀምጬ አለቀስኩ። ለልጄ ጨዋነቴ ደረሳት፤ ልቅሶዬ ግን አልደረሳትም።

እናቷ ቤት ደጃፍ ላይ መኪናውን አቆምኩ። ጋራዡ ተከፍቶ ካርቶኖቹ ተደርድረው ይታያሉ። ልትወርድ ስትል እጇን ያዝኩ።

“አትሂጂ። ከእኔ ጋር ኑሪ። የሚሻልሽን ዛሬ አልጠይቅሽም፤ እኔ እፈልግሻለሁ። ሰኞ ለሰውየው አባቴ አልለቅም ብሏል በይው።”

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞላ።

“ሰውየው ቀኑን ቀይሮ ሐሙስ ደወለልኝ፣ ዳድ።”

“ምን አልሽው?”

“ዳድ ብሄድም ቅር አይለውም አልኩት።”