የክፍል ሃያ ሦስት ልጆች

የክፍል ሃያ ሦስት ልጆች ከግብርና ኮሌጅ ከተመረቁ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በአንድ መኝታ ክፍል ያደሩ አሥር ጓደኛሞች ነበሩ፤ በየዓመቱ ጥር ሃያ ቀን ምሳ አብረው ይበላሉ። እስከ ዛሬ ከማዕዱ አንድም ሰው ጎድሎ አያውቅም። ሰባቱ ግን ሞተዋል።

ሰባተኛው ሟች ደምሰው ነበር። ባለቤቱ ይርገዱ የልብስ ስፌት አስተማሪ ናት። ከል ሳታወልቅ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በባሏ ስም የተጻፈ የጥሪ ካርድ ደረሳት። ተሳስተው ይሆናል ብላ ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደወለች። የጓደኛሞቹ ሰብሳቢ ልሳነወርቅ አነሣው።

«ደምሰው አርፏል እኮ» አለችው።

«እናውቃለን፤ እኛው አይደለን የቀበርነው? ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ ዳር ያለው ሆቴል። ግራጫ ኮቱን ለብሰሽ ነይ።»

ይርገዱ የኮቱን ትከሻ አጠበበች፤ እጅጌውንም አሳጠረች። ልጇ ፍሬሕይወት ምን ልትሠሪ ነው ስትላት፣ «ስለ እሱ ሲያወሩ ልስማ» አለቻት። ደምሰው ዝምተኛ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት አብራው ስትኖር ስለ ተማሪነቱ አንድ ቀን እንኳ አውርቷት አያውቅም።

አዳራሹ ስትገባ ዘጠኝ ሰዎች ብድግ አሉ።

«ደምስ! አረፈድክ!» አላት ልሳነወርቅ፤ አቅፎም ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት። ማንም አልሳቀም። ነፍስ ይማርም ያለ የለም። ክትፎው ቀረበ።

«የዲኑን በግ ያረድን ቀን ትዝ ይልሃል?» አላት ከጎኗ የተቀመጠው ስብሐት። «ሻወር ቤት ውስጥ። ቢላዋውን የያዝከው አንተ ነበርክ።»

ይርገዱ እንኳን በግ፣ ዶሮ ሲታረድ ቆማ አይታ አታውቅም። ነገር ግን መዳፏ ውስጥ የሚንፈራገጥ ቀጭን እግር ተሰማት፤ ውስጥ እግሯንም እርጥብ ሲሚንቶ ቀዘቀዛት።

«እኔ እግሩን ነበር የያዝኩት» አለች። «ቢላዋው አንተ እጅ ነበር። መብራት ሄዶ ነበር። አልቅሰሃል።»

 ዘጠኙም አጨበጨቡ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተጨዋወቱ። ስትመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዋን ፈገግ ትል ነበር። በሕይወት ሳለ እንኳ እንደዚያን ቀን ባሏን ቀርባው አታውቅም።

ጉዳቱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው። የካቲት ላይ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት። ግንቦት ላይ እህቷ ደውላ «ይርጌ» ስትላት፣ «ቁጥር ተሳስተዋል» ብላ ዘጋችው። ክረምቱ ሲገባ የእናቷ መልክ ጠፋት፤ በምትኩ ሳታያቸው የሞቱት የደምሰው እናት ፊት ይመጣባት ጀመር።

«አባዬ፣ ቁርስ ቀርቧል» አለች ፍሬሕይወት አንድ ጠዋት። ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች። ይርገዱ ግን ቀድማ «መጣሁ» ብላ ነበር።

ጥር ሲደርስ ልጅቷ ኮቱን ደበቀችው።

«እማዬ፣ ዘንድሮ አትሂጂ።»

«ዘጠኝ ይሆናሉ እኮ።»

«ይሁኑ! እኔስ ማን አለኝ?»

ይርገዱ ልጇን አቅፋ አለቀሰች፤ አልሄድም ብላም ማለችላት። ከልቧ ነበር። ጥር ሃያ ጠዋት ግን፣ ፍሬሕይወት ሥራ እንደሄደች፣ ማንም ሳይነግራት ኮቱን ከዱቄት በርሜሉ ውስጥ አወጣችው። ራሷ ያጠበበችው ትከሻ ጨመቃት። ስፌቱን ፈታ ለበሰችው።

ከምሳ በፊት እጅ መታጠቢያው ጋ ከስብሐት ጋር ጎን ለጎን ቆሙ። መስታወቱ ውስጥ ጆሮዎቹን አየች። ሁለቱም የጉትቻ ቀዳዳ ነበራቸው።

«የስብሐት ባለቤት ነሽ?» አለችው በሹክሹክታ።

ስብሐት እጁን በፎጣ አደረቀ። «ሚስቴን ነው? ከተለያየን አራት ዓመታችን።»

«ወዴት ሄደች?»

«የትም አልሄደች። እዚሁ ናት።»

የሆቴሉ በር ክፍት ነበር። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ፣ የአትክልት ሻጭ ጥሪ ይሰማል። ይርገዱ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደች። ሦስተኛውን ልትራመድ ስትል ልሳነወርቅ ከበረንዳው ተጣራ።

«ደምሰው! ፎቶ!»

«አቤት!» አለች። ድምፁ ወፍራም ነበር። ደምሰው ኮቱን አስተካክሎ ወደ በረንዳው ወጣ።

አሥሩም ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዙረው ተሰለፉ። ከፎቶ አንሺው ጀርባ፣ ውሃው ውስጥ፣ ጥቁር የለበሱ ሰባት ሴቶች በአንድ መስመር ቆመዋል። የመጀመሪያዋ እስከ አገጯ ገብታለች፤ ተከታይዋ እስከ ደረቷ፤ ሌላዋ እስከ ወገቧ። የመጨረሻዋ ገና እስከ ቁርጭምጭሚቷ ነው የገባችው። እሷ ብቻ እጇን ታወዛውዛለች፤ አፏም ይንቀሳቀሳል።

«ያቺ ማን ናት?» አለ ደምሰው።

«የአንዳችን ቤት ሰው ትሆናለች» አለ ልሳነወርቅ። «ፎቶው እንዳይበላሽ፣ ቀና በል።»

ደምሰው ቀና አለ። ፎቶ አንሺው «አንድ፣ ሁለት» ብሎ ቆጠረ። ሦስት ሲል ሴቶቹ ሁሉ እኩል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፤ የመጀመሪያዋ በነበረችበት ቦታ ጥቁር ሻሽ ብቻ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ቀረ።